ከትንበያው ስሕተት ያነሱ ደሴቶች፦ የሀሪኬንን ተለዋዋጭ መንገድ ከካሪቢያን መከታተል

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 ገና ሳይነጋ ኢርማ የተባለው ሀሪኬን፣ ማለትም ከውቅያኖስ የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ በካሪቢያኗ ባርቡዳ ደሴት ላይ በቀጥታ አለፈ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ ስለነበረ በደሴቲቱ ላይ ጉዳት ያልደረሰበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ አንድ ሕፃንም ሕይወቱ አለፈ። ከባርቡዳ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የምትገኘው አንቲጓ ግን፣ በአንድ መንግሥት ሥር ያለችና ያንኑ ማስጠንቀቂያ የሰማች እኅት ደሴት ሆና ሳለ፣ ሲነጻጸር ቀላል በሚባል ጉዳት አመለጠች። አውሎ ነፋሱ ሠላሳ ወይም አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ቢመጣ ኖሮ ከሁለት ሺህ ያነሰ ነዋሪ በነበራት ባርቡዳ ፈንታ ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት አንቲጓ ትፈራርስ ነበር።

የሀሪኬን ትንበያ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እጅግ ተሻሽሏል። በአትላንቲክና በካሪቢያን ለሚነሡ አውሎ ነፋሶች ዋናውን ትንበያ የሚያወጣው ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ሲሆን፣ የሦስት ቀን ትንበያው ቀድሞ ይስት ከነበረው ርቀት ዛሬ የሚስተው ከግማሽ በታች ነው። የአንድ ቀን ትንበያው በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአምስት ቀኑ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይስታል። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ ጠረፍ ላላቸው እንደ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ላሉ ግዛቶች ይህ ታላቅ እመርታ ነው። ባርቡዳ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። እጅግ የተሳካ የሚባለው የአንድ ቀን ትንበያ እንኳ ወደ እርሷ ሲደርስ ከራሷ ስፋት የሚበልጥ ስሕተት ይዞ ነው። በእኔ እምነት የትንንሽ ደሴቶችን የአደጋ ዝግጅት የሚመለከት ማንኛውም ውይይት ሊነሣ የሚገባው ከዚህ ነው፤ ነዋሪዎቻቸው ውሳኔ የሚወስኑት አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም እነርሱ በሚፈልጉት ልክ አቅጣጫው የሚታወቀው ማምለጥ በማይቻልበት ሰዓት ነው።

የእነዚህ አውሎ ነፋሶች ጉዞ የሚጀምረው ከካሪቢያን እጅግ ርቆ ነው። በእኛ የክረምት ወራት ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተነሥተው ሳህልን እያቋረጡ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ የአየር ሞገዶች አሉ። አብዛኞቹ ውቅያኖስ ላይ ደርሰው ይከስማሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የሞቀ ውኃና የተረጋጋ ነፋስ ሲያገኙ መሽከርከር ይጀምራሉ። በአትላንቲክ ከሚነሡት ኃይለኛ ሀሪኬኖች መካከል 85 በመቶ ያህሉ መነሻቸው እነዚህ የአፍሪካ ሞገዶች ናቸው። አንዳንዶቹ ሞገዶች የሚቀሰቀሱት በዳርፉር ተራሮችና በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ላይ በሚከማች የነጎድጓድ ደመና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬን ወደ ኋላ የተከታተሉ ተመራማሪዎች መነሻውን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በተፈጠረ የነጎድጓድ ዝናብ ክምችት አግኝተውታል። በሐምሌ ሰማያችንን የሚያጠቁረው ደመና ከሳምንት በላይ ተጉዞ በሌላ አህጉር ደጃፍ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ውቅያኖስ ላይ ከገባ በኋላ አውሎ ነፋሱን ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው በአመዛኙ በዙሪያው ያለው ሰፊ የአየር ፍሰት ነው፤ ወንዝ ላይ እንደ ወደቀ ግንድ ይወሰዳል። የፍሰቱ ዋና አዛዥ በአዞረስና በቤርሙዳ ደሴቶች መካከል የሚሰፍነው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት ሲበረታና ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ አውሎ ነፋሱ በደቡባዊ ጠርዙ እየተገፋ ወደ ካሪቢያን ይነዳል፤ ሲዳከም ወይም ከሰሜን አሜሪካ በሚመጣ ዝቅተኛ ግፊት ሲሸረሸር ደግሞ በተከፈተለት በር ወደ ሰሜን ታጥፎ ሰው ወደሌለበት ባሕር ይሄዳል። የአምስት ቀን ትንበያ ማለት እንግዲህ ስለ አውሎ ነፋሱ ብቻ ሳይሆን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ ሌላ የአየር ሥርዓት በምን ሰዓት ምን ያህል እንደሚዳከም መተንበይም ነው። በዚህ ላይ የአውሎ ነፋሱ ጥንካሬ ራሱ አቅጣጫውን ይለውጣል። ደካማውና አጭሩ ከባሕሩ ወለል አጠገብ የሚነፍሰውን ነፋስ ይከተላል፤ ተጠናክሮ ወደ ላይ የቆመው ግን ከፍ ባለው የአየር ንብርብር ይመራል፤ ሁለቱ ነፋሶች ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አይነፍሱም።

መረጃውም በቀላሉ አይገኝም። ውቅያኖስ ላይ በቂ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ስለሌለ ሳተላይቶች ከላይ የሚያዩትን ለማረጋገጥ አውሮፕላኖች በአውሎ ነፋሱ መሐል አቋርጠው መብረር አለባቸው። ከሚሲሲፒ ግዛት የሚነሣ የአሜሪካ አየር ኃይል ቡድንና የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር አውሮፕላኖች ይህንን ሥራ ይሠራሉ፤ በጃንጥላ የሚወርዱ መለኪያዎችን እየጣሉ ግፊቱን፣ እርጥበቱንና የነፋሱን ፍጥነት እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ ይለካሉ። ልኬቱ በኮምፒውተር ሞዴሎች ውስጥ ይገባል። የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል ለምሳሌ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ አንዱን ትንበያ 51 ጊዜ ያሰላዋል። ውጤቶቹ ካርታ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ ትንበያው ሊታመን እንደሚችል ያመለክታሉ፤ ተበታትነው ሲታዩ ደግሞ የትኛውንም ነጠላ መስመር ማመን አደገኛ ነው።

የ2019ኙን ዶሪያንን ያህል ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ያሳየ አውሎ ነፋስ ጥቂት ነው። ኦገስት 24 ስም ሲሰጠው ትንሽና ደረቅ አየር የከበበው ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ትንበያዎች ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወደሚገኙባት ሂስፓኒዮላ ደሴት ሄዶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ተራሮች ላይ ሊበታተን እንደሚችል ያመለክቱ ነበር። ባርቤዶስ ተዘጋጅታ ጠበቀችው፤ ኦገስት 27 ብዙም ሳይጎዳት አለፈ። ይሁን እንጂ በሴንት ሉሲያ አካባቢ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ፈርሶ ቀድሞ ከነበረበት በስተሰሜን እንደ አዲስ ተሠራ። በካርታ ላይ ሲታይ ትንሽ የምትመስለው ይህች ዝላይ የቀረውን ጉዞ በሙሉ ቀየረችው። ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ወደ ፖርቶ ሪኮ ምዕራብ ያዘነብል የነበረው መስመር በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ፣ ዶሪያን በማግሥቱ ሀሪኬን ሆኖ የደረሰው በቨርጂን ደሴቶች ላይ ነበር። ፖርቶ ሪኮ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ማሪያ በተባለው ሀሪኬን የደረሰባት ጉዳት ገና ሳይጠገን፣ በአብዛኛው ተረፈች።

ለአንዱ እፎይታ የሆነው ለሌላው ጥፋት የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አውሎ ነፋሱን ሊሰብሩት የሚችሉትን ተራሮች በጎን አልፎ ወደ ሞቀ ክፍት ባሕር ስለገባ ያለ አንዳች እንቅፋት አደገ። በኦገስት መጨረሻ የዓለም የዜና አውታሮች ዓይን ያረፈው በፍሎሪዳ ላይ ነበር፤ መስመሩ ወደዚያ ያመለክት ነበርና። በመካከል ያሉት የባሃማስ ደሴቶች በብዙ ካርታዎች ላይ አውሎ ነፋሱ አቋርጦት የሚሄድ ቦታ ብቻ ይመስሉ ነበር። ሴፕቴምበር 1 ቀን ዶሪያን በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ በአባኮ ደሴቶች ላይ ወጣ። ከዚያም በሰሜን በኩል ይገፋው የነበረው ከፍተኛ ግፊት ተዳከመና የሚነዳው ነፋስ ጠፋ፤ አውሎ ነፋሱ ከአንድ ቀን በላይ በግራንድ ባሃማ ላይ የሰው እርምጃ ያህል እንኳ በማይፈጥን ጉዞ ተንቀራፎ ቆየ። በዙሪያዋ ያለው ባሕር ጥልቀት ስለሌለው ነፋሱ የሚገፋው ውኃ መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ተነሣ፤ በአንዳንድ ስፍራዎች ከ6 ሜትር በላይ የደረሰው ውኃ ሰዎችን ከነጣሪያቸው አሰጠመ። ፍሎሪዳ በአንጻሩ በቀጥታ ሳትመታ ቀረች። በባሃማስ በይፋ የተመዘገበው የሟቾች ቁጥር 74 ሲሆን፣ ከ200 በላይ ሰዎች የደረሱበት አልታወቀም።

ብዙ ሰው ትንበያን የሚያውቀው በካርታ ላይ በሚታየው ነጭ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው የሚሠራው ባለፉት አምስት ዓመታት ከተመዘገቡት የማያሚው ማዕከል የትንበያ ስሕተቶች ሲሆን፣ የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ከሦስት ጊዜ ሁለቱን በውስጡ እንዲያልፍ ተደርጎ ይለካል። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ አንዱን ማዕከሉ ከሾጣጣው ውጭ መሄዱ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ትንበያው ከሽፏል ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ ሾጣጣው ስለ ማዕከሉ እንጂ ስለ ነፋሱ ስፋት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ባሕሩ ምንም አይናገርም። በ2024 ቤሪል የተባለው ሀሪኬን ከባርቤዶስ በስተደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲያልፍ አገሪቱ ከነፋሱ ብትድንም የዓሣ አስጋሪዎቿ ጀልባዎች በማዕበል ተሰባብረው ሰጥመዋል። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ሜሊሳ የተባለው ሀሪኬን ዓይን፣ ማለትም መሐሉ፣ ሄይቲን ሳይነካ ለቀናት የዘለቀው ዝናብ ብቻ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህም ከ20 በላይ የሚሆኑት የሞቱት በፔቲ ጎዋቭ ከተማ ወንዝ ሞልቶ ነው። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ካርታው ላይ ያለው መስመር የማይነግራቸው ነገር ነበር።

የማያሚው ማዕከል በየስድስት ሰዓቱ አዲስ መግለጫ ያወጣል፤ ማስጠንቀቂያ በታወጀባቸው ቦታዎች ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ። በየመግለጫው መስመሩ ትንሽ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይገፋል፤ በደሴቶቹ የሚኖር ሰውም ተስፋውና ፍርሃቱ አብሮ ይገፋል። ይህን መሰሉ ክትትል እጅግ የሚያደክም መሆኑን እረዳለሁ፤ ሆኖም ሊታይ የሚገባው የመጨረሻው መስመር ሳይሆን የለውጡ አዝማሚያ ነው። ትንበያ ሰጪዎች አንድ ሞዴል ስለተቀየረ ብቻ መስመሩን በአንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አያወዛውዙትም፣ በጥንቃቄና ቀስ በቀስ ያዞሩታል። በተከታታይ መግለጫዎች መስመሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲገፋ ከታየ፣ በዚያ ወገን ያለች ደሴት ገና ከሾጣጣው ውጭ ብትሆንም መነሣት ይኖርባታል።

የአውሎ ነፋሱ ማዕከል ከደሴቲቱ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍም የርቀቱን ያህል ወሳኝ ነው። በሰሜናዊው የምድር ንፍቀ ክበብ ሀሪኬን ከሰዓት መቁጠሪያ በተቃራኒ ስለሚሽከረከር ከጉዞው አቅጣጫ በስተቀኝ ያለው ነፋስ ይበረታል። የካሪቢያን ደሴቶች ነፋስ ዓመቱን በሙሉ ከምሥራቅ ስለሚመጣ፣ ወደቦቹና ትልልቆቹ ከተሞች በብዛት የተሠሩት በተከለለው የምዕራብ ጠረፍ ነው። አውሎ ነፋሱ በደሴቲቱ ደቡብ ሲያልፍ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚበረታ ወደቡ እንደተከለለ ይቆያል፤ በሰሜን ሲያልፍ ግን ነፋሱ ዞሮ ከምዕራብ እየመጣ ማንም ባልጠበቀው ጎን ይመታል። በኖቬምበር 1999 ሌኒ የተባለው ሀሪኬን እንደ ሌሎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሄዱን ትቶ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ፣ ማዕከሉ እጅግ ርቆ ባለፈባቸው ደሴቶች ሳይቀር የምዕራቡን ጠረፍ መንገዶችና ቤቶች ማዕበሉ አፈራረሳቸው።

አቅጣጫውን በትክክል ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተለየችው ትንሿ ደሴት አገር ዶሚኒካ በሴፕቴምበር 18 ቀን 2017 አይታለች። የማሪያ መንገድ በአግባቡ ተተንብዮ ነበር። ያልተገመተው ጥንካሬው ነበር፤ ከአንድ ቀን ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከዝቅተኛው ደረጃ ተነሥቶ ከፍተኛው አምስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሩዝቬልት ስኬሪት የቤታቸው ጣሪያ መነቀሉንና በአውሎ ነፋሱ ምሕረት ሥር መሆናቸውን በዚያው ሌሊት በፌስቡክ ገጻቸው ጽፈዋል። በኋላ በተደረገው ግምገማ ጉዳቱ የአገሪቱን ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት 226 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ማሪያ ወደ ፖርቶ ሪኮ ሲሻገር ደግሞ የደሴቲቱን የአየር ጠባይ ራዳር አፈራረሰው፤ ክትትሉ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት መከታተያው ራሱ ጠፋ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ እንመለስ። የሀሪኬን ማስጠንቀቂያ የሚታወጀው ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ከተባለበት 36 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። በአህጉር ምድር ለሚኖር ሰው 36 ሰዓት መኪናውን አስነሥቶ ለመራቅ ይበቃዋል። በደሴት ግን መንገዱ ሁሉ ባሕር ላይ ያልቃል፤ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን ለማዳን ቀድመው ያወጣሉ፣ ጀልባዎችም ማዕበሉ ሲጀምር ይታሰራሉ። ባርቡዳ ይህንን በሚያሳምም መንገድ አሳይታለች። ኢርማ ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆሴ የተባለ ሌላ ሀሪኬን ወደዚያው ሲያመራ መንግሥት የቀረውን ነዋሪ በሙሉ በጀልባና በአውሮፕላን ወደ አንቲጓ አሻገረ። ሆሴ በመጨረሻ ከደሴቲቱ ርቆ አለፈ። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ጣሪያ በሌለው ደሴት ላይ ሕዝብን አስቀምጦ የትንበያውን መስመር መጠበቅ የሰውን ሕይወት በዕድል ላይ መጣል ይሆን ነበር። ኢርማ ከመድረሱ በፊት እንዲህ ያለ መሻገሪያ አለመኖሩ ነው የሚያስቆጨው።

በባሃማስ በማርሽ ሃርበር ከተማ ዘ መድ በተባለው ሰፈር በእንጨትና በቆርቆሮ ቤቶች ይኖሩ የነበሩትን የሄይቲ ስደተኞች ሳስብ ይህ ቁጭት ይበረታል። ብዙዎቹ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራቸው ከመንግሥት መጠለያ ይልቅ የራሳቸውን ቤት መርጠው ቀሩ። ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። እነርሱን ሊያድን ይችል የነበረው ያለ መታወቂያ የሚገባበትና ሰው ሳይፈራ የሚሄድበት መጠለያ ነበር፤ የትንበያ ስሕተት በአሥር ኪሎ ሜትር መቀነሱ ለእነርሱ የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

በከንቱ መዘጋጀት ዋጋ እንዳለው አይካድም። ትምህርት ቤትና ሱቅ ይዘጋል፣ ቱሪስት ይሄዳል፣ የቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢውን ያጣል፤ አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ሰው ለሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ ጆሮውን ይነፍጋል። ይሁን እንጂ ተቃራኒው ስሕተት እጅግ ይከብዳል። በኦገስት 1979 ዴቪድ የተባለው ሀሪኬን ወደ ባርቤዶስ ይሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ወደ ሰሜን ታጥፎ ያልተዘጋጀችውን የዶሚኒካ ደሴት መታ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግሬናዳም ከ1955ቱ ጃኔት በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ከባድ ሀሪኬን ስላላየች ራሷን ከአደጋው ክልል በስተደቡብ ያለች አድርጋ ትቆጥር ነበር። በሴፕቴምበር 2004 ኢቫን መጥቶ ከአሥር ቤቶች ዘጠኙን ጎዳ።

የመስመሩ መዛባት ገንዘቡንም ይከተላል። ጃማይካ በዓለም ባንክ በኩል የ150 ሚሊዮን ዶላር የአደጋ ቦንድ፣ ማለትም አደጋ ሲደርስ ለአገሪቱ ገንዘብ የሚለቅ መድን መሰል ውል፣ አውጥታ ነበር፤ ክፍያው የሚለቀቀው በተወሰነ ክልል ውስጥ የአውሎ ነፋሱ የአየር ግፊት ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። በጁላይ 2024 ቤሪል ከደቡባዊ ጠረፏ ጥቂት ራቅ ብሎ ሲያልፍ ቤቶችንና እርሻዎችን ቢያወድምም መስፈርቱ ስላልተሟላ አንድ ዶላር አልተከፈለም። በኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ነፋስ በምዕራብ ጃማይካ ላይ ሲወጣ፣ ብላክ ሪቨር የተባለችውን ታሪካዊ ከተማ ጨምሮ አካባቢው ሲፈራርስ፣ ያው ውል ሙሉ በሙሉ ተከፈለ። ውሉ በሁለቱም ጊዜ እንደተጻፈው ሠርቷል፤ በቤሪል ጣሪያው ለተነቀለበት ገበሬ ግን የአውሎ ነፋሱ ዓይን ጥቂት ኪሎ ሜትር ባሕሩ ላይ መቅረቱ የጉዳት ካሳ ሊያሳጣው አይገባም ነበር።

የማያሚው ማዕከል ከሾጣጣው ሌላ ለደሴቶች ይበልጥ የሚጠቅም ካርታ ያወጣል። ይህ ካርታ ኃይለኛ ነፋስ ወደ አንድ ቦታ ቢቸኩል መቼ ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል፤ ከዚያ ሰዓት ቀድሞ የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ይሰላል። የትኛው ደሴት ይመታል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ጀልባ እስከ መቼ ሊጓዝ፣ አረጋውያን እስከ መቼ ሊጓጓዙ፣ መስኮት እስከ መቼ ሊታሸግ እንደሚችል ግን ይናገራል። የደሴቶቹ ሬዲዮዎችና ቴሌቪዥኖች በየስድስት ሰዓቱ የመስመሩን መዛወር ከማውራት ይልቅ ይህንን ሰዓት ቢያውጁ፣ መንግሥታትና አበዳሪዎችም ገንዘብ የሚለቁበትን መስፈርት ከወደቀው የአየር ግፊት ወደዚህ ሰዓት ቢያዛውሩት፣ የነዳጅ፣ የጀልባና የመጠለያ ወጪው ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ይሸፈናል። ቀይ መስቀል በትንበያ ላይ ተመሥርቶ አስቀድሞ ገንዘብ የመልቀቅ አሠራርን በተለያዩ አገሮች ሲተገብር ቆይቷል፤ ለካሪቢያን ትንንሽ ደሴቶች አሠራሩን በስፋት ለማዋል የሚጎድለው ዕውቀት ሳይሆን፣ አውሎ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ቢያልፍም ወጪው እንደባከነ የማይቆጥር ከፋይ ነው።